ተረኛዋ ነርስ ማንን ትጠይቅ?

ለጤና ሚኒስቴር፣ ለፌዴራል ሲቪል ሰርቪስ ኮሚሽን፣ ለክልል ጤና ቢሮዎችና ለሆስፒታል ኃላፊዎች በሙሉ

ጉዳዩ፦ ልምድ ያላቸው ነርሶች ከታካሚው አልጋ ሳይርቁ በሙያቸው የሚያድጉበት መንገድ እንዲከፈት ስለመጠየቅ

ክቡራን፣

በአንድ የመንግሥት ሆስፒታል የምሠራ ነርስ ነኝ። በውስጥ ደዌ፣ በማዋለጃና በጨቅላ ሕፃናት ክፍሎች ሠርቻለሁ፤ ለተግባር ልምምድ የሚላኩልንን ተማሪዎችም አሠለጥናለሁ። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ስለ ደመወዝ አይደለም። የደመወዙን ጥያቄ የጤና ባለሙያዎች በግንቦት 2017 ዓ.ም. በአደባባይ አንስተውታል። እኔም ከዚያ ጥያቄ ወደኋላ አልልም፤ የቤት ኪራይ መክፈል ያቃታት ነርስ ሌሊቱን ሙሉ ነቅታ የሰው ሕይወት እንድትጠብቅ መጠበቅ ፍርደ ገምድልነት ነውና። ዛሬ የማነሣው ግን ደመወዙ ነገ በእጥፍ ቢያድግ እንኳ በራሱ ጊዜ የማይፈታ ችግር ነው። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ አንዲት ወጣት ነርስ በምትሰጠው መድኃኒት ብትጠራጠር፣ አጠገቧ የምትጠይቀው ሰው የለም።

ሐኪም አለ ትሉኝ ይሆናል። አለ። ተረኛው ሐኪም ግን ድንገተኛ ክፍል ነው፤ ወይ ኦፕራሲዮን ገብቷል፤ ወይ ደግሞ ሦስት ዋርድ ለብቻው ይዟል። ደግሞም ነርሷ የምትጠራጠርበት ነገር ብዙውን ጊዜ የሐኪም ጥያቄ አይደለም። ምን ይታዘዝ የሚለው የሐኪሙ ነው። የታዘዘው በምን ይበረዝ፣ በስንት ደቂቃ ይግባ፣ ከየትኛው መድኃኒት ጋር በአንድ መስመር አይሰጥ፣ እየተሰጠ ሳለ ምን ይታይ፣ ምን ሲታይ ይቁም የሚለው ግን የነርስ ሙያ ነው። ይህን የሚመልሰው ዘመኑን ከታካሚ አልጋ አጠገብ ያሳለፈ ነርስ ነው። እሱ ደግሞ ዋርድ ውስጥ የለም። የት ሄደ? ለምን ሄደ? የደብዳቤዬ ነገር ይኸው ነው።

አንድ ሌሊት ያየሁትን ላስረዳ። ቦታው ጨቅላ ሕፃናት ክፍል ነው። ሦስት ኪሎ ለሚመዝን ሕፃን ጀንታማይሲን ታዟል፤ በኪሎ 5 ሚሊ ግራም፣ በድምሩ 15 ሚሊ ግራም። ክፍሉ የለመደው በ1 ሚሊ ሊትር ውስጥ 10 ሚሊ ግራም የያዘውን አምፑል ነው። ሁልጊዜ ያው ስለሆነ ስሌቱ ቀርቷል፤ ለሦስት ኪሎ ሕፃን 1.5 ሚሊ ሊትር መሳብ የሁሉም እጅ ያውቀዋል። የዚያን ዕለት ግን መድኃኒቱ ከሆስፒታሉ ፋርማሲ አልቆ አባትየው ከውጭ ገዝቶ መጣ። የገዛው በ1 ሚሊ ሊትር 40 ሚሊ ግራም ያለውን ነው። ስሙ ያው ጀንታማይሲን፣ አምፑሉም ያው ትንሽ አምፑል። ወጣቷ ነርስ ሲሪንጁን ቀዳ ከያዘች በኋላ ቆም አለች። አምፑሉን ወደ መብራቱ አስጠግታ አገላበጠችው፤ ጽሑፉ ደቃቅ ነው፣ ከፊሉም ተፍቋል። ዞር ብላ፣ "ሲስተር፣ ይሄ ይለያል እንዴ?" አለችኝ።

አብረን አሰላነው። ለዚያ ሕፃን የሚገባው ከ0.4 ሚሊ ሊትር ትንሽ ያነሰ ነበር። ይህንን በትክክል ለመለካት የ1 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ያስፈልጋል፤ ክፍሉ ውስጥ ያለው ባለ 5 ብቻ ስለነበር ከሌላ ዋርድ ተበድረን አመጣን። እጅ እንደለመደው 1.5 ተስቦ ቢሰጥ ኖሮ 60 ሚሊ ግራም፣ ማለትም የታዘዘውን አራት እጥፍ ይገባበት ነበር። ጀንታማይሲን ሲበዛ ኩላሊት ይጎዳል፤ የመስማት ችሎታንም ይነጥቃል። የጆሮው ጉዳት የሚታወቀው ደግሞ ልጁ አፍ መፍታት ሲዘገይበት፣ ከብዙ ወራት በኋላ ነው። ያን ጊዜ ያንን ሌሊት የሚያስታውስ ማንም አይኖርም።

እኔ እዚያ የተገኘሁት በአጋጣሚ ነው፤ ሐዘን የገጠማትን ባልደረባዬን ዲዩቲ ሸፍኜ። በማግስቱ ሌሊት ያቺ ልጅ የተመደበችው እንደሷው አዲስ ከሆነች ነርስ ጋር ነው። ሁለቱም ጎበዞች ናቸው። የመውጫ ፈተናውንም የሙያ ፈቃድ ፈተናውንም አልፈዋል። ፈተናው ግን አባት ከውጭ ፋርማሲ ገዝቶ በኪሱ ስለሚያመጣው አምፑል አይጠይቅም። ይህንን የሚያስተምረው ሥራው ነው፤ ሥራው የሚያስተምረው ደግሞ አስተማሪ ሲኖር ነው።

ከወጣት ነርሶች በየቀኑ የሚመጡትን ጥያቄዎች ብትሰሟቸው ቀላል ይመስላሉ። አንድ ሊትር ግሉኮስ በ8 ሰዓት ይግባ ተብሏል፤ በደቂቃ ስንት ጠብታ ነው? ሴቱ በ1 ሚሊ ሊትር 20 ጠብታ የሚሰጥ ከሆነ 42 ገደማ ነው። ሴቱ ስንት እንደሚሰጥ የተጻፈው ማሸጊያው ላይ ሲሆን ማሸጊያው ግን ተቀዶ ተጥሏል። ፖታሲየም ክሎራይድ ታዟል፤ ሳይበረዝ በቀጥታ በደም ሥር ከተገፋ ልብ ያቆማል። ታዲያ በትልቁ ግሉኮስ ውስጥ ተጨምሮ በደንብ ካልተገላበጠ መድኃኒቱ ታች ተቋጥሮ መጀመሪያ እንደሚገባ ለአዲሷ ነርስ ማን ነገራት? ደም ሲሰጥ የመጀመሪያዎቹን 15 ደቂቃዎች ከታካሚው አጠገብ መቆም ግዴታ ነው፤ ከባዱ አለርጂና የደም አለመጣጣም ብዙውን ጊዜ ያኔ ነው ብቅ የሚለው። አንዲት ነርስ ዋርዱን ሙሉ ይዛ 15 ደቂቃ አንድ አልጋ ጋ ስትቆም የቀሩትን ማን ያያቸዋል? መርፌ ወጋኝ የምትል ነርስስ? ከኤችአይቪ የሚከላከለው መድኃኒት በተቻለ ፍጥነት፣ ቢዘገይ ከ72 ሰዓት በፊት ተጀምሮ ለ28 ቀን ይወሰዳል። የኤችአይቪ መድኃኒት የሚሰጥበት የኤአርቲ ክፍል ማታ ዝግ ነው። መድኃኒቱ የት ተቀምጧል? ቁልፉ ማን ጋ ነው?

ማዋለጃ ክፍል ያለው ጥያቄ ይብሳል። በኤክላምፕሲያ የምትንቀጠቀጥ እናት ማግኒዚየም ሰልፌት ይሰጣታል። መድኃኒቱ ሕይወት ያድናል፤ ሲበዛ ደግሞ ትንፋሽ ያቆማል። ስለዚህ ተከታዩ መጠን ከመሰጠቱ በፊት ሦስት ነገር ይታያል፦ በደቂቃ ቢያንስ 16 ጊዜ ትተነፍሳለች ወይ፣ ጉልበቷ ሲመታ እግሯ ይወነጨፋል ወይ፣ ባለፉት 4 ሰዓታት ሽንቷ በሰዓት ቢያንስ 30 ሚሊ ሊትር ነበር ወይ። ማርከሻው ካልሲየም ግሉኮኔትም አጠገብ መኖር አለበት። መመሪያው ግድግዳ ላይ ተለጥፏል፤ ሁሉም ያውቀዋል። የጉልበት መዶሻ ከሌለ ግን በእጅ ጠርዝ እንዴት እንደሚመታ፣ እናትየው ጡንቻዋን ካጠበቀች ሐሳቧን በወሬ እንዴት ማስረሳት እንደሚቻል፣ የሽንት ከረጢቱ ባዶ ሲሆን ቱቦው ታጥፎ እንደሁ መጀመሪያ ማየት እንደሚገባ ግድግዳው ላይ አልተጻፈም። ይህንን አንዷ ከሌላዋ ነው የምትማረው።

የመድኃኒት ያልሆኑ ጥያቄዎችም አሉ፤ እኔ እንዲያውም የሚከብዱኝ እነሱ ናቸው። እናት ልጇን አንሥታ ጸበል ልትወስድ ተነሥታለች፤ ካርዱን አስፈርሞ ማሰናበት ነው ወይስ ቁጭ ብሎ ማነጋገር? ወጣት ነርሶች ብዙ ጊዜ ይጨቃጨቃሉ፤ እናትየዋም ተቀይማ ትወጣለች። አንዲት ነባር ባልደረባችን ነበረች፤ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ትልና፣ "እናቴ፣ ጸበሉም ይምጣለት፤ መድኃኒቱንም አናቋርጥበት" ትላለች። ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ በሕይወት ሳሉ ጸበልና የኤችአይቪ መድኃኒት አብረው መወሰድ እንደሚችሉ በይፋ መናገራቸውንም ታስታውሳቸዋለች። በእሷ ተራ ጨቅላ ይዞ የወጣ ቤተሰብ አላስታውስም። ያች ባልደረባችን ዛሬ በአንድ ፕሮጀክት ውስጥ የሪፖርት ኃላፊ ናት። ሥራዋን ትወደዋለች፤ እኛ ግን አጥተናታል።

እንግዲህ ወደ "ለምን ሄደች" ልምጣ። አንድ ነርስ አራት ዓመት ተምራ፣ ፈተናዎቿን አልፋ፣ ዋርድ ትገባለች። በመጀመሪያው ዓመት ሥራው ያዋክባታል። በሦስተኛው በአራተኛው እጇ ይፈታል፤ ታካሚውን ገና ከበር ስታየው ማን እንደሚያሰጋ ታውቃለች። ልክ በዚህ ጊዜ ዙሪያዋን ብታይ ከፊቷ ያለው መንገድ ሁሉ ከዋርዱ የሚያስወጣ ነው። የተሻለ ደረጃ ከፈለገች ወደ ኃላፊነት፣ ከዚያ ወደ ሜትሮን (የነርሶች ዋና ኃላፊ) ቢሮ፣ ከዚያ ወደ ጥራት ክፍል ትሄዳለች። ሁለተኛ ዲግሪ ከፈለገች በማታው ክፍለ ጊዜ የሕብረተሰብ ጤና ትማራለች፤ ስትጨርስ ጤና ቢሮ ወይም ፕሮጀክት ትቀጠራለች። ካልሆነም ፓስፖርት ታወጣለች። አልጋ አጠገብ የቀረችው ነርስ በአገልግሎት ዘመኗ የምታገኘው የእርከን ጭማሪ አለ፤ ነገር ግን 12 ዓመት የሠራችውና ትናንት የተቀጠረችው የሚሰጣቸው ሥራ አንድ ነው፣ የታካሚያቸው ቁጥር አንድ ነው፣ በተራ ሰሌዳው ላይ ስማቸው የሚጻፈው እኩል ነው። በአጭሩ ሥርዓታችን ለጎበዝ ነርስ የሚሰጣት ሽልማት ከታካሚ መራቅ ነው። ይህ ስህተት ነው፤ ዋጋውን የሚከፍለውም ታካሚው ነው።

የሄዱትን አልወቅስም። ልጅ ያሳድጋሉ፣ እናት አባት ይጦራሉ። ወረቀት ሥራም ክቡር ሥራ ነው፤ ጎበዝ ሜትሮን የሌለበት ሆስፒታል ምን እንደሚመስል አይቻለሁ። የምለው፣ መሄድ ምርጫ ሊሆን ሲገባው ብቸኛው የማደጊያ መንገድ ሆኗል ነው።

ሚኒስቴሩ የሠራውን በጎ ሥራ ማለፍ አልፈልግም። በድንገተኛና ጽኑ ሕክምና፣ በጨቅላ ሕፃናት፣ በሕፃናት፣ በቀዶ ሕክምናና በኦፕሬሽን ክፍል ነርሶች በልዩ ሙያ እንዲሠለጥኑ ተደርጓል። ይህ ትልቅ እርምጃ ነው። ሆኖም በጨቅላ ሕፃናት የሠለጠነችው ነርስ በዓመታዊው የሠራተኛ ምደባ የውስጥ ደዌ ተመላላሽ ክፍል ሲደርሳት አይቻለሁ። በእሷ ቦታ የተመደበው ደግሞ ማሞቂያ አልጋ ነክቶ የማያውቅ ልጅ ነበር። "ሁሉም ሁሉንም ይልመድ" የሚለው አሠራር ለተማሪ ጥሩ ነው። ሠልጥኖ ለተመለሰ ባለሙያ ግን የአገርን ገንዘብና የሰውን ዕውቀት ማባከን ነው።

በአገራችን ይህ ሙያ የተጀመረው ከታካሚ አልጋ አጠገብ ነው፤ የጀመሩትም ትልልቅ ሰዎች ናቸው። ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ በስደት ዘመን ለንደን ውስጥ በግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ተምራ እ.ኤ.አ. በ1939 ነርስ ሆነች። የንጉሥ ልጅ ሆና የሌላ ሰው ልጅ ታጥብ፣ ታጎርስና ቁስል ትጠርግ ነበር። በ1934 ዓ.ም. ነቀምት ውስጥ ከወሊድ ጋር በተያያዘ ችግር በ22 ዓመቷ አረፈች፤ መታሰቢያዋ የሆነው ሆስፒታል ዛሬ ጦር ኃይሎች ብለን የምንጠራው ነው። የኢትዮጵያ ነርሶች ማኅበርም የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1952 ነው። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ሙያው ትምህርት ቤት በትምህርት ቤት፣ ዲግሪ በዲግሪ ላይ ጨምሯል። አልጋ አጠገብ መቆም ግን የጀማሪ ሥራ ተደርጎ መታየት ጀመረ። እዚህ ላይ ነው የተሳሳትነው።

ልምድ ስል ዕድሜ ማለቴ አይደለም። አሜሪካዊቷ የነርሲንግ ምሁር ፓትሪሺያ ቤነር እ.ኤ.አ. በ1984 ባሳተመችው መጽሐፍ ነርስ ከጀማሪነት እስከ ሊቅነት አምስት ደረጃዎችን እንደምታልፍ አሳይታለች። ጀማሪዋ የምትመራው በደንብና በቁጥር ነው፤ ሊቋ ቁጥሩ ሳይወርድ ነገሩ ይገባታል። ሕፃናት ክፍል ይህ ጎልቶ ይታያል። አዲሷ ነርስ የምትሮጠው ወደሚያለቅሰው ልጅ ነው። ነባሯ የምትሮጠው ሲያለቅስ አምሽቶ ድንገት ዝም ወዳለው ነው። የእግሩን ጣት ትነካለች፤ ቀዝቅዟል። አውራ ጣቷን ደረቱ ላይ ተጭና ለቀቅ ታደርጋለች፤ ደሙ ቶሎ አልተመለሰም። ኦክስጅን መለኪያው ገና 94 ያሳያል። እሷ ግን ሐኪም አስጠርታለች፣ መስመር እየፈለገች ነው። ይህ ዕውቀት በሁለት ቀን የሆቴል ሥልጠና አይገኝም፤ የሲፒዲ (ተከታታይ የሙያ ማጎልበቻ) ነጥብም አይሞላውም። ሲሄድም ከሰውየው ጋር አብሮ ነው የሚሄደው።

የነርሶች ቁጥር ጉዳይም አለ። ተመራማሪዋ ሊንዳ አይከንና ባልደረቦቿ በፔንሲልቬኒያ ሆስፒታሎች ላይ አጥንተው እ.ኤ.አ. በ2002 ባወጡት ጽሑፍ፣ አንዲት ነርስ በያዘቻቸው የቀዶ ሕክምና ታካሚዎች ላይ አንድ ሰው በተጨመረ ቁጥር ታካሚዎቹ በ30 ቀን ውስጥ የመሞት ዕድላቸው በ7 በመቶ ከፍ እንደሚል አግኝተዋል። ካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. በ1999 ባወጣችው ሕግ መሠረት ከ2004 ጀምሮ ለአንድ ነርስ የሚሰጠው ታካሚ ቁጥር ተወስኗል፤ በጽኑ ሕሙማን ክፍል ከሁለት አይበልጥም። እኛ እዚያ ቁጥር ላይ ነገ እንደርሳለን ብዬ አልዋሽም። ነገር ግን በየከተማው ተመርቀው ቤት የተቀመጡ ነርሶች እያሉ አንዲት ነርስ ሌሊቱን ዋርድ ሙሉ ሰው ይዛ ስታድር "የሰው ኃይል የለንም" ማለት አይቻልም። ሰው አለ፤ የጠፋው የቅጥር በጀቱ ነው። ጉዳዩ በዚህ ስሙ ይጠራ።

ወደ ውጭ ስለሚሄዱትም አንድ ነገር ልበል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2025 ባወጣው ሪፖርት በዓለም 29.8 ሚሊዮን ነርሶች እንዳሉና 5.8 ሚሊዮን እንደሚጎድሉ አስታውቋል። ያው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 የጤና ባለሙያ እጥረታቸው የከፋ ነው ብሎ ከዘረዘራቸው 55 አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ናት። የሠራተኛ ክፍላችን ውስጥ የሻይ ሰዓት ላይ ግማሹ ስለ ኤንክሌክስ (የአሜሪካ የነርስነት ፈቃድ ፈተና)፣ ግማሹ ስለ ዓረብ አገር የፈቃድ ፈተና ያወራል። ዋሽንግተን አካባቢ ያሉ ባልደረቦቼን ስጠይቃቸው የሚነግሩኝ ስለ ገንዘቡ ብቻ አይደለም። አዲስ የተቀጠረች ነርስ ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ብቻዋን አትተውም፤ አንድ ነባር ነርስ ትመደብላታለች፣ አብረው ይሠራሉ። በየተራው የምትጠየቅ ኃላፊ ነርስ አለች። ብዙ ሆስፒታሎችም ከአልጋ ሳይለዩ ከአንደኛ ወደ ሁለተኛ፣ ወደ ሦስተኛ የክሊኒክ ነርስነት የሚያድጉበት ደረጃ አላቸው። አንዷ፣ "እዚህ አለማወቅ አያሳፍርም፤ ሳይጠይቁ መሥራት ነው የሚያስቀጣው" አለችኝ። እኛ ጋ ተገልብጧል።

እኛ ጋ ጥያቄ የሚጠይቅ ይወቀሳል። "አራት ዓመት ሙሉ ምን ተማርሽ?" የሚል ቃል ስንቷን ዝም አሰኝቷል! ራውንድ ላይ በታካሚና በተማሪ ፊት የተሰደበች ልጅ ሁለተኛ አፏን አትከፍትም። ስህተት ሊፈጸም ሲል አይታ ያስቆመችው ነርስ ጉዳዩን ጽፋ ብታስገባ ምስጋና ሳይሆን የቃል መጠየቂያ ይደርሳታል። ስለዚህ አይጻፍም። ስለማይጻፍም የጀንታማይሲኑ ነገር ከአንድ ክፍል አልፎ ለሌላው ትምህርት አይሆንም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2017 በመድኃኒት አሰጣጥ የሚደርስ ጉዳትን ለመቀነስ ዓለም አቀፍ ዘመቻ ሲጀምር፣ የስህተቱን ምንጭ በግለሰቡ ብቻ ሳይሆን በአሠራሩ ውስጥ መፈለግ እንደሚገባ ነው ያሳሰበው። በእኛ ሆስፒታሎች የመጀመሪያው ጥያቄ አሁንም "ማን ነው?" የሚል ነው።

እንግዲህ የምጠይቀው ይህን ነው። ለፌዴራል ሲቪል ሰርቪስ ኮሚሽንና ለጤና ሚኒስቴር፦ በ2017 ዓ.ም. የጸደቀውን የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ተከትሎ የሥራ መደቦችና ደረጃዎች ሲወጡ፣ "ከፍተኛ የክሊኒክ ነርስ" የሚባል፣ ስሙ ሌላም ቢሆን ሥራው ከታካሚ አልጋ የማይርቅ መደብ ይኑር። ደረጃው ከዋርድ ኃላፊ ያላነሰ ይሁን። ወደ እሱ የሚያደርሰው የአገልግሎት ዘመን ብቻ ሳይሆን በተግባር የሚታይ ብቃት ይሁን፤ ባልደረቦቿም ይመስክሩላት። ሥራዋ ታካሚ ማከምና ማስተማር እንጂ ሪፖርት መሙላት አይሁን። በልዩ ሙያ የሠለጠነች ነርስም ያለ ፈቃዷ ከሠለጠነችበት ክፍል አትነሣ።

ለሆስፒታል ኃላፊዎችና ለሜትሮኖች የምጠይቀው ደግሞ አዲስ በጀት የማይፈልግ ነው። በእያንዳንዱ የሌሊት ተራ፣ ለሆስፒታሉ በሙሉም ቢሆን፣ ተራ ሰሌዳው ላይ "የምትጠየቅ ነባር ነርስ" ተብላ ስሟና የስልክ ቁጥሯ የተጻፈ አንዲት ነርስ ትመደብ። የምትይዘው ታካሚ ከሌሎቹ ያነሰ ይሁን፤ ስትጠራ እንድትሄድ። አዲስ የተቀጠረ ነርስ የመጀመሪያ ወራቱን ከአንድ ነባር ጋር በአንድ ተራ ይመደብ፤ ሁለት አዲሶች ብቻቸውን ሌሊት አይደሩ። ፋርማሲው ይዘቱ የተለየ መድኃኒት ሲያስገባ በዚያኑ ቀን ለየዋርዱ በጽሑፍ ያሳውቅ፤ ከውጭ ተገዝቶ የሚመጣ መድኃኒትም በሁለት ሰው ሳይታይ አይሰጥ። ከመርፌ ጉዳት በኋላ የሚወሰደው መድኃኒት ሌሊትም በሚከፈት ቦታ ይቀመጥ። የጠዋቱ ርክክብ በአልጋው አጠገብ፣ ካርዱ ተገልጦ፣ መስመሩና ሲሪንጁ እየታየ ይሁን፤ ኮሪደር ላይ ቆመው "ሁሉም ደህና አድረዋል" የሚሉት ርክክብ አይደለም። ከነዚህ አንዱን ብቻ አድርጉ ብባል፣ በሌሊቱ ተራ የምትጠየቀውን ነርስ እመርጣለሁ፤ ሌሎቹን ሁሉ እሷ ታመጣቸዋለች።

ለትምህርት ተቋማትም አንድ ቃል አለኝ። ተማሪዎቻችሁን ዋርድ ስትልኩ አስተማሪያቸውም አብሮ ይምጣ፤ ፊርማ ብቻ አይላክ። ተማሪ ከማን እንደሚማር ሳይነገረው ሲቀር ያገኘውን ይማራል፣ ያገኘው ደግሞ ሁልጊዜ ጥሩ አይደለም።

ይህን ለምታነቡ አስታማሚዎችና ቤተሰቦች፦ መድኃኒት ከውጭ ገዝታችሁ ስትመጡ ማሸጊያውን አትጣሉት፤ ከነካርቶኑና ከነወረቀቱ ለነርሷ ስጧት። "ይሄ ከትናንቱ ጋር አንድ ነው ወይ?" ብላችሁ ጠይቁ። አንዲት ነርስ "ቆይ፣ ላጣራ" ስትላችሁ አላወቀችም ብላችሁ አትናቋት። ልጃችሁን እየጠበቀችላችሁ ነው።

ክቡራን፣ በየዓመቱ ግንቦት 4 ቀን የነርሶች ቀን ይከበራል። አዳራሽ ይዘጋጃል፣ ኬክ ይቆረሳል፣ ስለ ነርስ ታላቅነት ንግግር ይደረጋል። ለመጪው ግንቦት 4 ንግግሩ ይቅርና አንድ ሰርኩላር ይውጣልን፤ በእያንዳንዱ የመንግሥት ሆስፒታል የሌሊት ተራ የምትጠየቅ አንዲት ነባር ነርስ ትመደብ፣ ይህም በደረጃና በክፍያ ይታወቅላት የሚል። አዘጋጁ ብትሉን ረቂቁን የምናዘጋጅ ነርሶች ዝግጁ ነን።

ከአክብሮት ጋር፣

በአዲስ አበባ የምትሠራ የመንግሥት ሆስፒታል ነርስ